ዛሬ ጠዋት አየሁት

የእህቴ ልጅ በቀደም ዕለት ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን መጣና «አክስቴ፣ ተቀመጥን ሳንል ደረስን እኮ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ምን ሆንሽ ቢለኝ ምንም አልሆንኩም ብዬ ሻይ ቀዳሁለት። ያ መንገድ በአየር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ እናቱም ሳትዳር እኔ አውቀዋለሁ። ተሳፍሬበት አይደለም። ያኔ ብለምን ብለምን የሚያሳፍረኝ አላገኘሁም፤ ዛሬ ደግሞ በነፃ ቢያሳፍሩኝም አልወጣበትም።

ጊዜው ጣሊያን ደሴን ይዞ የተቀመጠበት ነው። ሆጤ ሰፈር ከባሌ አባትና እናት ጋር በአንድ ግቢ እኖር ነበር። የባሌ አባት ገራዶ መሬት ያላቸው፣ ደሴ ላይ ጨው የሚነግዱ፣ ሶላታቸውን የማያዛንፉ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም። ግን በዚያ ግቢ ያለ እሳቸው ምርቃት የሚነሣም የሚቀመጥም ነገር የለም። በግ ሲታረድ እሳቸው ይጠየቃሉ፤ እህል ከጎተራ ሲወጣ እሳቸው ይጠየቃሉ፤ እኔ እናቴ ዘንድ ሄጄ ልደር ብል እንኳ ባሌ አባቱን አስፈቅዶ ነው ሂጂ የሚለኝ። እኔን ይህ ነገር ያበግነኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን፣ አባትህ ካልፈቀዱ አታስነጥስም ወይ ብዬው ሁለት ቀን አኩርፎኛል።

ባሌ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይመረቅ ከቤት ወጣ። ጣሊያኖቹ በአዲሱ መንገድ ጭነት በሚያመላልሱበት ካሚዮን ላይ ረዳት እንዲሆን ተጠርቶ ነበር። አባቱ የነጭ ጎማ እየነፋህ ከምትኖር ገራዶ ሄደህ እረስ አሉት። እሱ ደግሞ ሞተር ወዶ ነበር፤ የወደደውን ነገር ማስተው ጭንቅ ነው። አባቱ የንጋቱን ሱብሂ ሰግደው ሳይጨርሱ በጓሮ በር ወጣ። ጭኮ በቅል አድርጌ ሰጠሁት። ጠዋት ጠዋት ነጭናጫ ስለነበር ደኅና ሁኚ እንኳ በቅጡ አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ ወር አለፈ፣ ሌላም ወር ተጨመረ። አልፎ አልፎ ሹፌሮች ደኅና ነው ይሉናል። አዲስ አበባ ማለት ያኔ ለእኛ ሩቅ ነው። ቀድሞ በበቅሎ የሄደ ሰው እዚያ ለመድረስ ግማሽ ወሩን በመንገድ ይጨርሳል። ካሚዮን ከመጣ ወዲህ ቀኑ አጠረ፤ ቢሆንም ክረምት ሲገባ መንገዱ ይናዳል፣ አርበኞች ያደፍጡበታል፣ ካሚዮኑም አንዱ ጭቃ ውስጥ ሰንብቶ ይመጣል። አውሮፕላን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ እንደሚወርድ እናውቃለን። ነገር ግን አውሮፕላን ለደሴ ሰው መንገደኛ የሚያመላልስ ነገር አልነበረም። ቦምብ የጣለብን ነው። ድምፁን ስንሰማ አሁንም እናቶች ልጆቻቸውን አፍሰው ወደ ገደሉ የሚሮጡበት ጊዜ ነበር።

በክረምቱ መካከል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ ቱርጁማን ግቢያችን ገባ። ይህ ሰው ክርስቲያን ነው፤ የባሌ አብሮ አደግ፤ የነጮቹን ቋንቋ ስለሚያውቅ ለአንድ የመንገድ መሐንዲስ ያስተረጉማል። ከጌታው ጋር አዲስ አበባ ከርሞ ነበር። ያን ቀን መሐንዲሱ ወደ ኮምቦልቻ ሲበር ዕቃውን እንዲይዝለትና አፍ እንዲሆነው አብሮ አሳፍሮት መጣ። እኛ ግን ይህን አናውቅም። ያየነው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ መቆሙን፣ ጆሮው እንደተደፈነ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገሩን ነው። ለካ የአየሩ ነገር ጆሮውን ዘግቶት ኖሯል።

«አባባ፣ ልጅዎ ታሟል። ድረሱልኝ ብሏል» አለ።

በእኛ አገር ሞት የሚነገረው እንዲህ ነው። ከሩቅ መጥቶ ሞተ ብሎ አፉን የሚከፍት የለም፤ ነውር ነው። ታሟል ይላል፣ ቶሎ ድረሱ ይላል፤ የገባው ሽማግሌ ዘመድ ያሰባስባል፤ ከዚያ ነው መርዶው የሚረዳው። ነገሩ ምክንያት አለው። ወሬ ያን ሁሉ ቀን ተጉዞ እስኪደርስ የታመመው ሰው ወይ ድኗል ወይ ተቀብሯል። ለዳነ ሰው ደግሞ ማንም መልእክተኛ አይልክም።

የባሌ አባት ተነሥተው ቆሙ። መቼ ነው ያየኸው አሉት።

«ዛሬ ጠዋት» አለ። «ዛሬ ጠዋት አየሁት፤ አነጋገርኩት።»

አዲስ አበባ ያለን ሰው ዛሬ ጠዋት አይቶ ደሴ የሚውል ፍጡር አልነበረም። ውሸቱ ይህን ያህል ከተለጠጠ ሐዘኑም ያን ያህል ቢከብድበት ነው ብለን አሰብን። ቱርጁማኑ ፊታችንን ሲያይ ደነገጠና ይምል ጀመር። በማርያም ማለ፣ በገብርኤል ማለ፣ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት አለ። በማለ ቁጥር እኛ ይበልጥ እርግጠኛ ሆንን፤ መርዶ ነጋሪ ሁሉ ይምላላ። አንድ ጎረቤታችን ትከሻውን ይዘው፣ ይበቃሃል ልጄ፣ ገብቶናል፣ ደክመሃል ተቀመጥ አሉት።

የባሌ አባት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ያ ነገር ሰው ሲገድል እንጂ ሰው ሲጭን አላየንም» አሉ ቀስ ብለው። «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ የመጀመሪያዋን ጩኸት ጮኹ። እኔም ጮህኩ። ያን ጊዜ እኔም አምኛለሁ፤ የማያምን ማን ነበር።

ጎረቤት ክርስቲያኑም እስላሙም ግቢውን ሞላው። ሴቶቹ አምባሬንና ጉትቻዬን አወለቁ፣ ፀጉሬን ፈቱ፣ አሮጌ ቀሚስ አልብሰው ጓዳ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ። ዒዳ ገባሁ ማለት ነው። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም፣ አትኳልም፣ ቅቤ አትቀባም። ወንዶቹ ደጅ ተሰልፈው ሬሳ በሌለበት ሰገዱበት።

ቱርጁማኑ ግን አልሄደም። ጓዳው ከጓሮ በኩል ቀዳዳ ነገር አለው፤ በዚያ በኩል መጥቶ ይጠራኝ ጀመር። ሹክ ያለ መስሎታል፤ ጆሮው ስለተደፈነ ግን ይጮኻል። እግዜር ሲረዳኝ ደጁ በለቅሶ ተደበላልቆ ስለነበር ማንም አልሰማውም። ባልሽ አልሞተም፣ ስሚኝ እንጂ አለኝ። አንተንስ ማን ላከብኝ፣ ተወኝ አልኩት። ቆይቼ ግን፣ እንዲያው ሞኝነቴ ነው፣ ምን ይላል ብዬ ጠየቅኩት።

«ምን ይላል፣ ይሳደባል እንጂ» አለ። «ሾርባ ያመጣለትን አስታማሚ በሳህኑ ሊፈነክተው ነበር። ለአንቺም፣ ጭኮው ጨው በዝቶበት ነበር ብለህ ንገርልኝ ብሏል።»

መርዶ ይዞ የሚመጣ ሰው ሟቹን ያወድሳል፤ ደግነቱን፣ ስምሽን እየጠራ ነው ያረፈው፣ እንዲህ ያለውን ነው የሚናገረው። ጨው በዝቶበታል ብሎ መርዶ የሚያረዳ የለም። ይህ ነጭናጫው የራሴ ባል ነው። አለ ማለት ነው። ጥርሴን ነክሼ አለቀስኩ፤ ከቅድሙ የተለየ ልቅሶ ነው።

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ካሚዮኑ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ እግሩን ጨፍልቆታል። ሐኪም ቤት ከገባ ሰንብቷል፤ እንዳንደነግጥ ብሎ ነው ያልላከብን። አሁን እግሩ ጠቁሮ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሐኪሙ ይቆረጥ፣ ከዘገየ አይድንም ብሏል። እሱ ደግሞ አባቴ ሳይፈቅድ አካሌን አላስነካም ብሎ ሙጭጭ ብሏል። አንድ ጊዜ ሳልመረቅ ወጥቼ ይኸው ያገኘሁት፣ ሁለተኛ አልደግመውም ነው የሚለው። ለምነውት፣ ተቆጥተውት እንቢ አለ።

«እኔ ነገ ጠዋት ከጌታዬ ጋር እመለሳለሁ» አለኝ። «አባትዬው ይቆረጥ ካሉ፣ ነገ ምሳ ሳይደርስ ቃላቸውን ጆሮው ውስጥ አስገባለታለሁ። እኔ ዛሬ የጠጣሁት ሻይ ከሆዴ ሳይወርድ ነው ኮምቦልቻ የወረድኩት።»

ተነሣሁ። ሴቶቹ ያዙኝ። አማቴ ክንዴን ጨምድደው ይዘው፣ ልጄ ሐዘን አዞራት፣ አስቀምጧት ይላሉ። ባሌ አልሞተም ባልኩ ቁጥር ሴቶቹ ይብስ ያለቅሱልኛል። እንዲህ ያለ ነገር አላህ ለማንም አይስጥ። እውነት ይዘሽ፣ እውነትሽ እብደት ሆኖ ሲታይብሽ ምን ታደርጊዋለሽ። ነክሻቸው ነው ያመለጥኩት፤ አዎ፣ የአማቴን እጅ ነክሻለሁ፣ አይቆጨኝም።

ዒዳ የገባች ሴት ወንዶች መሐል ገብታ አታውቅም። እኔ ገባሁ፣ ፀጉሬ እንደተፈታ፣ የባሌ አባት እግር ሥር ወደቅኩ። «አባባ፣ ልጅዎ እግሬ ይቆረጥ ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል። ቃል ይስጡኝ» አልኳቸው።

በርኅራኄ ነው ያዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ እግር ለምን ይሆነዋል» አሉ። «ይቁረጡት። ሁሉንም ፈቅጃለሁ። አንቺን ብቻ አላህ ሶብር ይስጥሽ።»

ዕብድ ለማባበል የተናገሩት ነው። እኔ ግን ፈቅጃለሁ ማለታቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሌላውን አልፈለግኩትም። ወደ ጓሮ ስሮጥ ቱርጁማኑ የለም። ሐዘንተኛ ያውካል ብለው ጎረምሶች አባረውታል፤ እሱም ሳይመሽ በተገኘው ካሚዮን ወደ ኮምቦልቻ ወርዷል።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጋቢ ተከናንቤ ወጣሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ በእግሬ ወረድኩት። ጉሙ ክንዴን ዘርግቼ ጣቴን የማላይበት ዓይነት ነበር። እየሮጥኩ፣ እየወደቅኩ፣ ጆሮዬን ወደ ላይ አድርጌ ነው የምሄደው፤ ድምፁን ከሰማሁ አመለጠኝ ማለት ነዋ። ምንም አልሰማሁም። ኮምቦልቻ ሜዳ ስደርስ ፀሐይ መውጣት ካለባት ቆይታለች። አውሮፕላኑ በዝናብ በስብሶ እንደቆመ ነው። አልሐምዱሊላህ ብዬ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ደረስኩ፣ አልዘገየሁም ብዬ እኮ ደስ አለኝ።

ቱርጁማኑ አይቶኝ ወጣ። የአባቱን ቃል ነገርኩት። በእርግጥ ፈቅጃለሁ ብለዋል ወይ አለኝ፤ ብለዋል አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ያኔ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ጉም ላይ ታቹን ሸፍኖት፣ ነጂው ተራራውን ሳላይ አልነሣም ብሏል።

ሲገለጥ ይሄዳል አሉኝ። አልተገለጠም። በነጋታውም አልተገለጠም። ሜዳው አጠገብ ያለች አንዲት እናት ለአላህ ብላ አስጠጋችኝ። ጠዋት ማታ አጥሩ ሥር እቆማለሁ። አንድ ቀን ወታደሩን በእጄ ምልክት እያደረግኩ፣ እኔን ጫኑኝ፣ እኔ እሄዳለሁ ብዬ ለመንኩት፤ በሰደፍ ገፈተረኝ። በሽቦ የሚላከውን ወሬ ላኩልኝ ብዬ በቱርጁማኑ አፍ አስጠየቅኩ፤ ለሠራዊት እንጂ ለአገሬው ሰው አይደለም አሉ። ካሚዮን ብል መንገዱ ተንዷል፤ ያልተናደውን ደግሞ አርበኞቹ ዘግተውታል። በበቅሎ ብነሣ ማን ይጠብቀኛል። ባሌና እኔ መካከል ያለው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያለፈ መንገድ ነው፤ ያም መንገድ ዓይኔ እያየ ሜዳ ላይ ቆሞ ዝናብ ይጠጣል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ መታፈን ግን አላየሁም። ሩቅ ቢሆን ተስፋ እቆርጥ ነበር። ቅርብ መሆኑ ነው አንጀቴን የበላው።

ያስጠጋችኝ ሴት ጠዋት ተነሥታ ዝናቡን ባየች ቁጥር ማሽላዬ ደረሰልኝ እያለች አላህን ታመሰግናለች። ምን ልበላት። ስንቴ አብረን ዝናብ ስጠን ብለን ዱዓ ያደረግን ሕዝብ፣ እኔ ዞር ብዬ ያረቢ አቁመው፣ የሷ ማሽላ ይድረቅ እል ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ እንኳ አላልኩም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰማዩ ተገለጠ። አውሮፕላኑ እያጓራ ተነሣ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ዞረ፣ ወደ ደቡብ ሄደ። ቱርጁማኑ ውስጡ አለ፣ የአባቱ ቃል አብሮት አለ። ሴትዮዋ ምስር ትለቅም ነበር። ምስሩን ለቅማ፣ አጥባ፣ ጥዳ ስትቀመጥ፣ አሁን ደረሰ፣ አሁን ነገረው አልኩ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመስኩ።

በነጋታው ተመለሰ። ቱርጁማኑ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ከሩቅ አየሁት። እንደ በፊቱ ድምፁን ከፍ አላደረገም። መሬት መሬት እያየ መጣና፣ «ነይ፣ ወደ ቤት ልመልስሽ። እዚያ ሄደን እንነጋገራለን» አለኝ።

አልማለም። አንድም ማርያምን አላለም። እቤት ወስዶ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ በወጉ ሊያረዳኝ ነው። የት ቤት? ያ ቤት አልቅሶ ጨርሶ ድንኳኑን አጥፏል። እዚሁ ንገረኝ አልኩት።

ነገረኝ። አውሮፕላኑ ጠዋት ሊነሣ፣ እሱ ሌሊቱን አልፏል። የመጨረሻውን ሁለት ቀን አስታማሚውን ዝናቡ አባራ ወይ፣ ኮምቦልቻ በኩል ሰማዩ እንዴት ነው እያለ ሲጠይቅ ነበር። ቱርጁማኑ ሲደርስ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።

ደሴ ስገባ የጮኸልኝ ሰው የለም። ጎረቤቱ ለቅሶውን ደርሶ ተመልሷል፤ ሶደቃው ተበልቷል። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ማን ያለቅሳል። የባሌን አባት ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። «ስሰግድበት በሕይወት ነበር በይኛ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ለምንም ነገር ፈቃድ ሊጠይቃቸው ሲመጣ እኔን አትጠይቁኝ ይሉ ነበር።

አማቴ ግን አላመኑም። ቱርጁማኑ ውሸታም ነው፣ ልጄ የሞተው መርዶው የመጣ ዕለት ነው አሉ። የመጀመሪያዋን ጩኸት የጮኹት እሳቸው ናቸው፤ ክንዴን ይዘው አትሄጂም ያሉት እሳቸው ናቸው። እንዴት ይመኑ። እኔ ተናድጄ ነበር፤ ክፉኛ ተናድጄ ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ እሳቸው እህል እያቀረቡልኝ፣ እኔ እየበላሁ፣ አራት ወር ስለ እሱ አንድ ቃል ሳንነጋገር ኖርን።

ዒዳዬ በእሳቸው አቆጣጠር ያለቀ ዕለት ጠዋት አዲስ ቀሚስና ቅቤ ይዘው ጓዳ ገቡ። «ተነሺ ልጄ፣ ዛሬ አለቀልሽ» አሉ።

«አላለቀም እማማ» አልኩ። «ያን ጊዜ ባሌ አልሞተም። አራት ቀን ይቀረኛል።»

ቀሚሱን ምንጣፉ ላይ ወርውረው፣ ሰው ሁሉ የቆጠረውን አንቺ ብቻ ነሽ ያልቆጠርሽው ብለው በሩን በላዬ ዘግተው ወጡ። ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ሲንጎራደዱ እሰማቸዋለሁ። የዐስር ሶላት ሰዓት ሲያልፍ በሩ ተከፈተ። ቁርበታቸውን በብብታቸው ይዘው ነበር። አነጠፉና አጠገቤ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ነው ያዞሩት።

«እውነት ዝናቡ አባራ ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር?» አሉኝ።

«ይጠይቅ ነበር እማማ።»

«አራት ቀን ነው ያልሽው?»

«አራት ቀን።»

ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉ። አራቱንም ቀን ከዚያ ጓዳ ሳይወጡ፣ ከእኔ ጋር ተቀምጠው፣ ልጃቸውን እንደ አዲስ አለቀሱት።